አሻንጉሊቷም አድናቂ ስትሆን፦ የጃፓን የአድናቂ ዕቃዎች በ1/6 መጠን

ጃፓን ውስጥ አንድ ዘፋኝ ወይም የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ገጸ ባህሪ የወደደ ሰው ፍቅሩን በሆዱ ይዞ አይቀመጥም። አደባባይ ያወጣዋል። የሚደገፈው ሰው ወይም ገጸ ባህሪ «ኦሺ» ይባላል። ለኦሺ ሲባል የሚደረገው ሁሉ፣ ኮንሰርት መሄዱም፣ ባጅ (ልብስ ወይም ቦርሳ ላይ የሚሰካ ክብ ምስል) መሰብሰቡም፣ ልደቱ ሲደርስ ባለ ልደቱ በሌለበት ኬክ መቁረጡም፣ «ኦሺካትሱ» ነው። ቃሉ በ2021 ለዓመቱ አዳዲስ ቃላት ሽልማት ታጭቶ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

በዚያው አገር ትልልቅ ሰዎች ሳያፍሩ የሚይዙት ሌላ የትርፍ ጊዜ ሥራ አለ፤ አሻንጉሊት ማልበስ። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ለአሻንጉሊቷ የአድናቂ ዕቃ መሥራት መጣ። በባጅ የተሞላች ሚጢጢ ቦርሳ፣ ኮንሰርት ላይ በእጅ የሚወዛወዝ መብራት፣ ስም የተጻፈበት ማራገቢያ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም የኦሺ ምስል።

ግራ እንዳይገባችሁ፣ አሻንጉሊትን እንደ ገጸ ባህሪ ማልበስ ሌላ ነገር ነው። እሱ ኮስፕሌይ ነው፤ ዊግ፣ ካባ፣ ጎራዴ። እዚህ ግን አሻንጉሊቷ ማንንም አትሆንም። ራሷን ሆና የሌላ ሰው አድናቂ ናት፤ ቦርሳዋን አንግታ ኮንሰርት ልትሄድ የተሰናዳች ልጅ። እኔ ይሄኛው ይበልጥብኛል። ኮስፕሌዩ የሚያሳየው ገጸ ባህሪውን ነው፤ ይሄ ግን የአሻንጉሊቷን ባለቤት ያሳያል።

አብዛኛው ሰው የሚሠራው በ1/6 መጠን ነው። ስድስት ሴንቲ ሜትር የሆነው እውነተኛ ዕቃ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ሊካ አለች፤ ታካራ የተባለው የጃፓን አሻንጉሊት ኩባንያ በ1967 ያወጣት፣ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች፣ እናትም ልጅም የተጫወቱባት። ባርቢ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ናት፤ አሜሪካዊት ብትባልም በ1959 ስትወጣ የተሠራችው ጃፓን ነው። የብላይዝ ታሪክ ግን ለየት ይላል። ኬነር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1972 አወጣት፤ ጭንቅላቷ ትልቅ ነው፣ ከኋላዋ ያለው ገመድ ሲሳብ የዓይኗ ቀለም ይለዋወጣል። ገበያው አልቀናትም፣ በዓመቱ ተቋረጠች። ጃፓኖች በ2000 በማስታወቂያ አዩዋት፣ ወደዷት፣ በ2001 ታካራ እንደ አዲስ አወጣት። ዛሬ ጭንቅላቷን ፈታትቶ፣ ፊቷን ፍቆና ቀለም ቀብቶ እንደገና የሚሠራት ሰው ሞልቷል። የአዞን ኩባንያ ፑሬኒሞ ገላ ደግሞ መገጣጠሚያው ስለሚታጠፍ ዕቃ ለማስያዝ ይመቻል። የኪዮቶው ቮልክስ ከ1999 ጀምሮ የሚሠራቸው ሱፐር ዶልፊዎች ግዙፍ ናቸው፤ ታዋቂው መጠናቸው 1/3 ነው። ዕቃቸውን መሥራት ይቀላል፣ እነሱን መግዛት ግን ኪስ ያራቁታል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ንግሥቲቱ «ኢታባግ» ናት። እውነተኛዋ ኢታባግ ፊቷ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ መስኮት ያላት ቦርሳ ስትሆን፣ መስኮቱ ውስጥ የአንድ ኦሺ ባጆች ክፍተት ሳይተውላቸው ይደረደራሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ባጅ ነው፣ ሃያና ሠላሳ ሆኖ። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባጆቹ በአብዛኛው የሚሸጡት በታሸገ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ማን እንዳለ ሳይከፍቱ አይታወቅም። ስለዚህ ሰው ይገዛል፣ ያልፈለገው ይደርሰዋል፣ የሚለዋወጠው ሰው ይፈልጋል። ቶኪዮ ኢኬቡኩሮ ውስጥ፣ የአኒሜ ዕቃ ከሚሸጠው ከአኒሜት ዋና መደብር አጠገብ ያለው መናፈሻ በዚህ ልውውጥ የታወቀ ነው። እናም የሞላ ኢታባግ ያነገተች ልጅ ስታልፍ የሚያውቅ ሰው ወጪውንም ልፋቱንም ባንድ እይታ ያነባል።

ለአሻንጉሊት ሲሆን ልፋቱ ወደ ጣት ጫፍ ይዞራል። የተለመደው ባጅ ስፋቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለስድስት ሲካፈል 9.5 ይሆናል። ምስሉ በሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ወረቀት ይታተማል፣ በክብ መብሻ ይቆረጣል። ቀጥሎ ወሳኙ ነገር ይመጣል። ክቧ ላይ አንዲት የዩቪ ሬዚን (በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ጠብታ ይደረግና በመርፌ ጫፍ ቀስ እያሉ ወደ ጠርዙ ይገፏታል። ጠብታዋ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ራሷን ይዛ ትቆማለች፤ መሃሏ ጉብ ይላል፣ የእውነተኛ ባጅ ሆድ ይወጣላታል። ትንሽ ከበዛ ግን ጠርዙን አልፎ ይፈስና ሥራው ይበላሻል። የአየር አረፋ ካለ በዚያው መርፌ ይወጋል። ከዚያ የጄል ጥፍር በሚደርቅበት ዓይነት መብራት ስር ገብታ በደቂቃዎች ትጠነክራለች። ሃያ እንደዚህ ሠርታችሁ ቦርሳዋን ሞላችሁ ማለት ነው።

ቆሞ የሚታየው የኦሺ ምስል በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ሲሞቅ በሚኮማተር ፕላስቲክ። ስሱ ፕላስቲክ ላይ ይሳላል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ትንሽ የዳቦ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ወዲያው ይጠቀለላል፤ ጀማሪ እዚህ ጋ ይደነግጣል። መታገሥ ነው፣ ተመልሶ ይዘረጋል። ትኩሱን አውጥቶ መጽሐፍ ስር መጫን ነው። ጎኑ ከነበረው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚቀር፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚፈልግ ሰው 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አድርጎ ይስላል። ቀለሙ ሲኮማተር ይጠቁራልና ሲቀባ ፈዘዝ ማለት አለበት።

ማራገቢያው ለዘፋኝ አድናቂዎች ነው። ኮንሰርት ላይ የሚያዘው ከ30 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከኋላ ያለን ሰው እንዳይጋርድ ከደረት በላይ አይነሳም። ላዩ ላይ በትልልቅ ደማቅ ፊደል ልመና ይጻፍበታል፤ «ጥቀሰኝ»፣ «ጣትህን ወደ እኔ ቀስር» የሚል ነገር። በ1/6 ሲሆን አምስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ፊደሉን ቆርጦ መለጠፍ ስለማይሞከር ይታተማል።

አሁን ሁሉንም የሚያሳስተውን ነገር ልንገራችሁ፤ ሂሳቡ ትክክል ሆኖ ዓይን እምቢ ይላል። ጨርቅ ለስድስት አይካፈልም። የጂንስ ቦርሳ በዚያው ጂንስ ቢሰፋ ድርቅ ያለ ሣጥን ይሆናል፤ ስለዚህ ስስ ጥጥ ይወሰዳል። ገበያ ላይ ያለው ትንሹ ዚፕ እንኳን ለአሻንጉሊት ግንድ ነው፣ ስለዚህ ብዙዎች ዚፑን በክር አስመስለው ትክክለኛውን መክፈቻ ከኋላ ይደብቁታል። ምስሉም እንዲሁ ነው። ሙሉ ቁመና ያለው ሥዕል 9.5 ሚሊ ሜትር ላይ ጭቃ ይሆናል። ፊቱ ብቻ ተቆርጦ፣ መስመሩ ወፍሮ ሲታተም ነው ሰው የሚመስለው። ጎበዝ ሠሪ የሚለየው እዚህ ነው፤ ምን እንደሚቀንስ ሳይሆን ምን እንደሚጥል በማወቁ።

ዕቃው አይወደድም። ዳይሶና ሴሪያ የመሳሰሉት የመቶ የን ሱቆች (ከታክስ ጋር 110 የን) ሬዚኑንም፣ የሚኮማተረውን ፕላስቲክም፣ ሪባኑንም ይሸጣሉ። ገላ፣ እጅና ጫማ ሲፈለግ የአኒሜና የአሻንጉሊት ሱቆች ወደሞሉበት የቶኪዮ ሰፈር፣ ወደ አኪሃባራ ይኬዳል።

አደጋም አለው። ጥቁርና ቀይ ጨርቅ የአሻንጉሊቷን ቆዳ ያቀልማል፤ አንዴ ከገባ አይለቅም። ሳይታጠብ አይለበስም፣ ለብሳም ብዙ አትቆይም። ለስላሳው ቪኒል ደግሞ ከአንዳንድ ጠንካራ ፕላስቲክ ጋር ተነካክቶ ከከረመ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ባጆቹን ቆዳዋ ላይ ደግፎ ወራት ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። ሬዚን በበኩሉ ሳይደርቅ ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ለራስ መሥራት አንድ ነገር ነው፣ መሸጥ ሲመጣ የምስሉ ባለቤት ይመጣል። ቶኪዮ አቅራቢያ ባለው ማኩሃሪ ሜሴ በተባለ አዳራሽ የሚካሄደው ዋንደር ፌስቲቫል ለቅርጻ ቅርጽ ሠሪዎች ዘዴ አለው፤ ሠሪው አስቀድሞ ያመለክታል፣ ባለመብቱ ይስማማል፣ ፈቃዱ ለዚያች ቀን ለዚያ አዳራሽ ብቻ ይሆናል። በኢንተርኔት ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የገጸ ባህሪ ምስል ያለበት ዕቃ ከገበያው ሊወገድ ይችላል። ስለዚህ ሻጮች በቀለም ይሄዳሉ። የጃፓን የዘፋኝ ቡድኖች ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ አባል ቀለም ይሰጣሉ፤ ሞሞይሮ ክሎቨር ዜድ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሮዝና ሐምራዊ አሉ። ሻጯ ሐምራዊ ሪባን ያላት፣ መስኮቷ ባዶ የሆነች ቦርሳ ትሰፋለች። የማንም ስም የለባትም። ገዢዋ ቤቷ ወስዳ የማን እንደሆነች ራሷ ትሞላለች።