ኤልሳቤጥን ማን ይሳለማት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ እናቶቼና እኅቶቼ፤ የእመቤታችንን የልደት በዓል ግንቦት 1 ቀን ሣር ጎዝጉዘን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ዳቦ ቆርሰንና ቡና አፍልተን ካከበርን ገና ብዙ አልቆየንም። በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝ፣ በቡልጋም ሆነ በምንጃር ግንቦት ልደታ የሴቶች እጅ የሚበዛበት፣ ተኳርፎ የከረመ ጎረቤት እንኳ አብሮ ቆርሶ የሚታረቅበት ቀን ነው። በዕለቱ የምናስባቸው ኢያቄምና ሐና ልጅ በማጣት ሲነቀፉ ኖረው በስተእርጅናቸው እመቤታችንን የተቀበሉ ደጋግ ወላጆች ናቸው። በዓሉ እግዚአብሔር ላረጀች ሴት አዲስ ነገር እንደጀመረላት የምንመሰክርበት ከሆነ፣ ያረጁ እናቶቻችን በመካከላችን፣ ያውም በክብር ቦታ ሊቀመጡ ይገባ ነበር። ዘንድሮ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ በሚበላበትና በሚጠጣበት ሰዓት ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ በየጓዳቸው ነበሩ፤ ንፍሮው በሳህን ተከድኖ በልጅ እጅ ተላከላቸው። ልጁም ሳህኑን አስቀምጦ ወደ ጨዋታው ሮጠ። ከተሰበሰቡት መካከል ተነሥታ ወደ እነርሱ የሄደች አንዲት ሴት አላየሁም።

ስለዚህ ዛሬ አብረን የምናነበው ከቅዱስ ሉቃስ ወንጌል የመጀመሪያውን ምዕራፍ ነው። «ማርያምም በዚያ ወራት ተነሥታ ወደ ተራራማው አገር ወደ ይሁዳ ከተማ ፈጥና ወጣች፥ ወደ ዘካርያስም ቤት ገብታ ኤልሳቤጥን ተሳለመቻት» (ሉቃ. 1፥39-40)። ይህን ቃል ስንሰማ ልባችን አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው በማኅፀን ሆኖ በደስታ ወደ ዘለለው ወደ ዮሐንስና «ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች» ወዳለችው ወደ እመቤታችን ጸሎት ነው፤ ይገባልም። እኔ ግን ዛሬ ሰላምታውን በተቀበለችው በአሮጊቷ ቤት ጥቂት እንድንቆይ እለምናችኋለሁ።

ወንጌላዊው ኤልሳቤጥ በፀነሰች ጊዜ «ራስዋን አምስት ወር ሰወረች» ይላል። ዕድሜዋን ሙሉ መካን ስትባል የኖረች ሴት፣ ፀጉሯ ሸብቶ ፀንሳ ብትታይ የመንደሩ አፍ ምን እንደሚል አስቀድማ ታውቃለች። ነቀፌታን የለመደ ሰው ደስታው ሲመጣለት እንኳ ደፍሮ ወደ አደባባይ አያወጣውም። በዚህ ላይ የዚያን ቤት ዝምታ አስቡት። ባሏ ካህኑ ዘካርያስ የመልአኩን ብሥራት ባለማመኑ አንደበቱ ተይዞ፣ በምልክት ብቻ የሚግባባ ሰው ሆኗል። የደረሰላትን ታላቅ ነገር በቃል የሚያጫውታት፣ ስትፈራ አይዞሽ የሚላት፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣት ድምፁን የምትሰማው ሰው በቤቷ የለም። ወንጌሉም በእነዚያ አምስት ወራት ወደዚያ ቤት የገባ ጎረቤት ወይም ዘመድ ስለመኖሩ አንዲት ቃል አልጻፈልንም። በስድስተኛው ወር ግን በሩ ተከፈተ፤ የአንዲት ወጣት የሰላምታ ድምፅም ተሰማ።

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በር ድረስ በእግሩ የወጣ የአገራችን ሰው፣ ዳገት ጉልበትን እንዴት እንደሚፈትንና ከላይ ሲደርሱ ጉሙና ብርዱ እንዴት እንደሚቀበል ያውቃል። ወንጌሉ «ፈጥና ወጣች» የሚለው ስለ እንዲህ ያለ መንገድ ነው። እመቤታችን የሰማይና የምድር ጌታን በማኅፀኗ ተሸክማ ሳለ፣ «እኔ የጌታ እናት ነኝ፤ እርሷ ወደ እኔ ትምጣ» አላለችም። መልአኩ «ዘመድሽ ኤልሳቤጥ እርስዋ ደግሞ በእርጅናዋ ወንድ ልጅ ፀንሳለች» ሲላት ሂጂ ብሎ አላዘዛትም፤ መስማቷ ብቻ በቃት። ሄዳም በደጅ አልተመለሰችም፤ ሦስት ወር የሚያህል ከእርሷ ዘንድ ተቀመጠች። ሦስት ወር አብሮ መኖር ማለት ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ የአሮጊቷን የወገብ ሕመምና የሌሊት ፍርሃት መስማት ማለት ነው። እኛስ? አንዲት አሮጊት እናት ለመጠየቅ ስንሄድ አንድ እጃችን በመዝጊያው ላይ፣ ዓይናችንም በስልካችን ላይ ሆኖ «እንዴት ከረሙ? ይመስገን ነው?» ብለን መልሱን ሳንሰማ እንወጣለን። እርሳቸውም ጨዋ ስለሆኑ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ይሸኙናል። ይህን እንደ ጥየቃ ቆጥረን መሄዳችን እጅግ ያሳዝነኛል።

ያ ጉብኝት በኤልሳቤጥ ላይ ያመጣውን ለውጥ ልብ በሉ። ራሷን የሰወረችው ሴት በመንፈስ ቅዱስ ተሞልታ በታላቅ ድምፅ ጮኸች፤ «የጌታዬ እናት ወደ እኔ ትመጣ ዘንድ እንዴት ይሆንልኛል?» አለች። በኋላም ልጁ ተወልዶ በስምንተኛው ቀን ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ሲነሡ፣ «አይሆንም፥ ዮሐንስ ይባል እንጂ» ብላ በሁሉም ፊት ተናገረች። ሰዎቹ «ከወገንሽ በዚህ ስም የሚጠራ ማንም የለም» ብለው ቃሏን ገሸሽ አደረጉና አባቱን በምልክት ጠየቁ፤ እርሱም በብራና ጽፎ የእርሷን ቃል አጸናላት። የአሮጊት እናታቸውን ቃል ለሌላ ሰው ሳያረጋግጡ የማይቀበሉ ልጆች ይህን ክፍል ደጋግመው ቢያነቡት እመክራለሁ። እናት በስልሳ አምስት ዓመቷ ቅዳሴ ሳላስታጉል ልሂድ፣ ዳዊት ልማር፣ ዶሮ ላርባ፣ ከባልንጀራዬ ጋር ጻድቃኔ ማርያም ልሳለም ስትል «እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» የሚለው መልስ በፍቅር የተነገረ ይመስላል። እግዚአብሔር ገና ሥራ ያልጨረሰባትን እናት ግን እኛ በምን ሥልጣናችን ነው የምናሳርፋት?

በዚህ አገር የመንግሥት ሠራተኛ ስልሳ ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ አምስተኛ ምዕራፍ፣ ባልቴት በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ትጻፍ ዘንድ ዕድሜዋ ከስልሳ እንዳያንስ አዟል። ዓለም ከመዝገብ በሚሰርዝበት ዕድሜ ቤተ ክርስቲያን በመዝገብ ትጽፋለች። የፋኑኤል ልጅ ነቢይት ሐናም ከባሏ ጋር የኖረችው ሰባት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ጌታን በመቅደስ ተቀብላ ቤዛን ለሚጠባበቁት ሁሉ ስለ እርሱ ስትናገር በጣም አርጅታ ነበር።

አሁን ወደ ማኅበሮቻችን ልመለስ፤ ሐዘኔ የሚበዛው በዚህ ነውና። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ያመጧቸው አንዲት እናት አውቃለሁ። በከተማው ማንንም ስለማያውቁ የ21 የማርያም ጽዋ ማኅበር ገቡ፤ ብዙ ጊዜም አብረው ጠጡ። ተራቸው ደርሶ ጽዋውን በተረከቡ በሳምንቱ፣ በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ማኅበሩ መሪ ወደ ሙሴው ቤት መልሰው ወሰዱትና «ልጄ፣ ጌሾ የምወቅጥበት ክንድ፣ ጋን የማነሣበት ወገብ የለኝም፤ ለሚችል ስጡልኝ» አሉ። ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ተሰጠ፤ ክፉ ቃል የተናገራቸው የለም። በሚቀጥለው ወር ግን ሳያወጡ መብላት አሳፈራቸውና ቀሩ፤ በዚያው ሳይመለሱ ቀሩ። ማኅበርተኛው ሁሉ ቤታቸውን እያወቀ «ለምን ቀሩ?» ብሎ የሄደ አልተገኘም።

እኅቶቼ፤ ጽዋ ማኅበር የጠላ ተራ መቁጠሪያ አይደለም። «ከእናንተ እያንዳንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም» (ገላ. 6፥2) የሚለውን ቃል ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጸበል ጸዲቁን ባርከው በሚሰጡን በዚያች ሰዓት ካልፈጸምነው የት ልንፈጽመው ነው? አንዷ ብቅልና ጌሾውን ታምጣ፣ ሁለተኛዋ ጠላውን ትጥመቅ፣ ሦስተኛዋ ዳቦውን ትድፋ፤ ቤቱ የእርሳቸው፣ ተራውም የእርሳቸው፣ ምርቃቱም የእርሳቸው ይሁን። ማኅበሩን ለብዙ ዘመን በእጃቸው ያቆዩ እናቶች እጃቸው ሲደክም ከማኅበሩ የሚወጡ ከሆነ፣ የጠራነው ቅዱስ ዝክራችንን እንዴት ይቀበልልናል? ዳዊት «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» ብሎ የጸለየው ለእግዚአብሔር ነው፤ እግዚአብሔርም አይጥልም፤ የምንጥለው እኛ ነን።

ለእናንተ ለእናቶቼ ግን ተግሣጽ የለኝም፤ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። ሁለት ባልቴቶች አሉ፤ ወዳጅነታቸው የተጀመረው ሁለቱም ባሎቻቸውን ከቀበሩ በኋላ፣ አንድ ግቢ ተከራይተው ነው። አንደኛዋ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲያሳድጉና እርሻ ሲያግዙ መጽሐፍ ሳይነኩ ኖረዋል። ሁለተኛዋ የቄስ ልጅ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ነገር ግን ውዳሴ ማርያምን በልጅነታቸው በጆሯቸው ይዘውታል፤ ዓይናቸውም ፈዟል። ጠዋት ጠዋት ቡናው ከመቅረቡ በፊት የመጀመሪያዋ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ የዕለቱን ክፍል ቀስ ብለው ያነባሉ፤ አንዲት ቃል ሲስቱ ሁለተኛዋ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለሽ፣ ዘለልሽ» ይላሉ። ተመልሰውም ያነቡታል። አንደኛዋ ያለ ሁለተኛዋ ይህን ጸሎት አታደርስም ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ በወጣትነታቸው አላደረሱትም። መዝሙረኛው «ያን ጊዜ በለመለመ ሽምግልና ያፈራሉ» ያለውን በእነዚህ እናቶች ዘንድ አይቼዋለሁ።

ከእናንተ መካከል በዚህ ዕድሜ ቆብ ለመድፋት የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰዎች ምንኩስናን ሞትን ቁጭ ብሎ መጠበቂያ አድርገው ቢያወሩም አትስሟቸው፤ የሥራና የጸሎት መጀመሪያ ነው። የአገራችን የቡልጋ ልጅ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ትዳር ይዛ፣ ልጆችም ከወለደች በኋላ ነው ቤቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ከዚያም ወደ ጣና የሄደችው፤ ገድሏ የሚናገርላት ታላቁ ተጋድሎም ከዚያ በኋላ የሆነ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ከጎረቤታችሁ ወይም ከቀድሞ ባልንጀራችሁ ጋር ሳትነጋገሩ የከረማችሁ ብትኖሩ፣ ቆቡን ከመድፋታችሁ በፊት ሄዳችሁ ታረቁ። ጌታ መባን እንኳ በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ መታረቅን አዟል፤ ቂም ይዞ መመንኮስ መባውን ያለ እርቅ ማቅረብ ነው።

በቅርብ ዓመታት በደረሰው መከራ ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የገቡ እናቶችንም አልረሳም። ከቤታቸው በላይ ያጡት እሳት የሚጫጫሩባቸውንና ቡና የሚጠራሯቸውን ጎረቤቶቻቸውን ነው። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ባዶዋን ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ «ማራ በሉኝ» ብላ ነበር፤ ያን ጊዜ የከተማይቱ ሴቶች «ይህች ኑኃሚን ናትን?» ከማለት ያለፈ ነገር ሲሉ አናነብም። የኋላ የኋላ ግን ጎረቤቶቿ ሴቶች ናቸው «ለኑኃሚን ወንድ ልጅ ተወለደላት» ብለው ለሕፃኑ ኢዮቤድ የሚል ስም ያወጡለት። በምራቷ በሩት ታማኝነትና በጎረቤት ሴቶች አፍ፣ መራራ ልትባል የፈለገችው አሮጊት የዳዊት አያት አሳዳጊ ሆነች። ባዕድ ሰፈር ለገባች እናት «የእኛ ናት» ብሎ ስሟን የሚጠራላት ጎረቤት ያስፈልጋታል፤ ይህ ጎረቤት መሆን የእናንተ ድርሻ ነው።

ሰኔ 30 የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ልደት ነው፤ ኤልሳቤጥ የወለደችበት፣ ጎረቤቶችዋና ዘመዶችዋም ጌታ ምሕረቱን እንዳገነነላት ሰምተው አብረዋት ደስ ያላቸው ዕለት ነው። ከዚያ በፊት በየማኅበራችሁ ተራ ማውጣት አቅቷቸው የቀሩትን እናቶች ስም አንድ በአንድ አስታውሱ። ልጅ አትላኩ፣ ሳህንም ብቻ አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ። ነጠላችሁን አውልቃችሁ አስቀምጡ፣ ቡናውን እናንተ አፍሉ፣ እስከ በረካ ተቀመጡ። ወደ ማኅበሩ እንዲመለሱም ለምኗቸው፤ እምቢ ካሉ በሚቀጥለው ወር ማኅበሩን ይዛችሁ እርሳቸው ቤት ግቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።