«ደፋር ካልሆንክ ሥራ አትፍጠር» እና መሰል የተሳሳቱ አመለካከቶች

ስለ ሥራ ፈጣሪዎች ሲወራ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። ብዙ ሰው ገና ሳይጀምር ተስፋ የሚቆርጠው በእነሱ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ደፋር ካልሆንክ አትሞክረው»

ዴቪድ ማክሌላንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ የስኬት ፍላጎትን ለረጅም ዓመታት አጥንቷል። ጥናቱ ውስጥ ቀለበት ወርውሮ የቆመ እንጨት ላይ የማስገባት ጨዋታ ነበር። የሚወረውሩበትን ርቀት የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። የስኬት ፍላጎታቸው ከፍ ያለው እንጨቱ አፍንጫ ሥር አልቆሙም። በዕድል ካልሆነ ከማይገባበት ርቀትም አልወረወሩም። የመረጡት መካከለኛውን ነው፤ ከበድ ያለ፣ ግን በጥረት የሚቻለውን። እነዚህ ሰዎች ቁማርተኞች አይደሉም። ውጤቱ በራሳቸው እጅ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ደመወዛችሁን ሳትለቁ ማታ ማታ ብትጀምሩ ማንም ፈሪ ሊላችሁ አይገባም።

«ተነሳሽነት አብሮ ይወለዳል፤ ወይ አለህ ወይ የለህም»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቶጎ ውስጥ በ1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የንግድ ሥልጠና ወሰደ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ገበያ፣ የመሳሰሉትን። ሌላው ማንም ሳያዘው በራሱ ሥራ መጀመርን፣ ነገን ማሰብን፣ እንቅፋት ሲገጥመው ሌላ መንገድ መፈለግን ተለማመደ። ሦስተኛው ምንም ሥልጠና አላገኘም። ተነሳሽነት የተለማመዱት ትርፋቸው ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ በለጠ። የተለመደውን ሥልጠና የወሰዱት ብልጫ ግን 11 በመቶ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በስታቲስቲክስ አስተማማኝ አልሆነም፤ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። ተነሳሽነት እንደ ሙያ ይለመዳል ማለት ነው።

«የራሴ አለቃ ስሆን ማንም አያዘኝም»

ደንበኛ ያዛል፣ ግብር ይጠብቃል። ነፃነቱ ያለው ምን እንደምትሠሩና እንዴት እንደምትሠሩ በመወሰን ላይ ነው። ለእኔ እሱም ብዙ ነው።

«ፍላጎት ካለ ሁሉም ይሆናል»

ገዢ የሌለውን ዕቃ የሻጩ ፍላጎት አይሸጠውም። ገዢ እያለም ፍላጎት ብቻውን ከወንበር አያስነሳም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳየው፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚያደርግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል። «ዘንድሮ እጀምራለሁ» ብላችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከሆነ ወረቀቱን መልሳችሁ አውጡት። በምትኩ «ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ጠረጴዛዬ ጋ ቁጭ ብዬ፣ ዕቃውን ሊገዙ ለሚችሉ ሦስት ሰዎች እደውላለሁ» ብላችሁ ጻፉ። የሰዎቹንም ስም ከሥሩ አስፍሩ።