ጣቢያው ዙሪያ ፎቅ ቤት ይሠራ ሲባል ለምን እንደነግጣለን?

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ቡና ላይ ተቀምጠን የባቡር ጣቢያው ዙሪያ ወሬ ተነሳ። አንዱ "የከተማው ምክር ቤት ፕላን ሲያጸድቅ ከጣቢያው አጠገብ ፎቅ መኖሪያ ብቻ ይሠራ ብሎ ቢወስን ጥሩ ነበር" አለ። ሁሉም ተንጫጫበት። ያን ቀን የሰማኋቸውን አስተያየቶች ሌላም ቦታ ስለምሰማቸው አንድ በአንድ ልመልስባቸው።

"ኮምቦልቻን አዲስ አበባ ሊያደርጓት ነው፤ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ምን ያደርግልናል?"

ሰማይ ጠቀስ ያለ የለም። ዋናው ነገር የፎቁ ቁመት ሳይሆን የእግር መንገዱ ርዝመት ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ በ5 ወይም በ10 ደቂቃ ጣቢያ ከደረሰ ባቡር ይሳፈራል፤ መጀመሪያ ባጃጅ፣ ከዚያ ታክሲ መያዝ ካለበት ግን ያው አውቶቡሱን ይመርጣል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በፈረንጆቹ 2024 ባወጣው ደንብ በ37 ጣቢያዎች ዙሪያ፣ በ400 ሜትር ውስጥ፣ አፓርታማ እንዲሠራ ፈቅዷል። ቁመቱ ስድስት ፎቅ ገደማ ነው። ለእኛ ጂ+4፣ ማለትም ምድሩን ጨምሮ አምስት ወለል፣ ይበቃናል።

እስቲ እናስላው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ነው። ለመንገድና ለአረንጓዴ ቦታ 3,000 እንተውለት። የቀረውን 7,000 በ200 ካሬ ብንሸነሽነው 35 ቤት ይወጣዋል። በዚያው 7,000 ካሬ ላይ 40 በመቶውን ብቻ በጂ+4 ብንገነባበት የወለሉ ስፋት ሲደመር 14,000 ካሬ ይሆናል። ደረጃውንና ኮሪደሩን ጨምረን ለአንድ ቤት 70 ካሬ ብንይዝ 200 ቤት ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ 35 እና 200። ከዚያ ላይ 60 በመቶው ግቢ ክፍት ሆኖ ለልጆች መጫወቻ ይተርፋል።

"መሬት ሞልቶ ተርፎን የምን መጠጋጋት ነው?"

ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ሰፊ ትመስላለች። ግን ከዚያ ሜዳ ላይ የቦርከናን ወንዝ፣ አውሮፕላን ማረፊያውን፣ ፋብሪካዎቹንና በ2009 የተመረቀውን ኢንዱስትሪ ፓርክ ቀንሱ። ከተማዋ ወደ ጎን በሰፋች ቁጥር የምትበላው የገበሬውን ማሳ ነው። ደግሞ እያንዳንዱ አዲስ ሰፈር ውኃ ይስጡን፣ መብራት ይግባልን፣ መንገድ ይጠረግልን ይላል፣ መብቱም ነው፤ ሆኖም ለ35 ቤት የሚዘረጋው ቧንቧ ለ200 ቤት ከሚዘረጋው ብዙም አያንስም፣ ወጪውን የሚካፈለው ሰው ቁጥር ግን በጣም ያንሳል።

"ባቡሩ መጀመሪያ ይምጣና፣ ከዚያ ይደረሳል"

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ግንባታው የተጀመረው በ2007 ነው። ብዙ ጠበቅን። የ2014ቱ ጦርነት ደግሞ መስመሩንም ከተማችንንም ጎዳ። ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ግን ልብ በሉ፣ ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ጣቢያውም ቦታውን ይዟል። ዙሪያው ነው ባቡሩን ሳይጠብቅ በየቀኑ የሚለወጠው። አንድ መሬት አንዴ ተሸንሽኖ ካርታ ከወጣለትና ሰው ጎጆውን ከቀለሰበት በኋላ "እዚህ ፎቅ ነበር የሚያስፈልገው" ብሎ መመለስ ካሳ ነው፣ ክርክር ነው፣ እንባ ነው። ፕላን የሚቀለው መሬቱ ባዶ እያለ ብቻ ነው።

ድሬዳዋን አስታውሱ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደው ሐዲዱ ከታች በኩል አለፈ፤ በፈረንጆቹ 1902 እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። ከዚራ የሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ከጣቢያው ጋር የተቀየሱ ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላም ሰው ጥላቸው ሥር ይሄድባቸዋል።

"ይሄ ነባሩን ነዋሪ የማስነሻ ዘዴ ነው"

ይሄን ስጋት አላጣጥለውም። ልማት ተብሎ ከሰፈሩ የተነሳ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ማለትም የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጁ፣ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት ቦታውን ራሱ የማልማት ቅድሚያ መብት ይሰጠዋል። በግል ወይም በቡድን። ሦስት አራት ጎረቤታሞች ግቢያቸውን አጋጥመው ጂ+4 ሠርተው፣ እያንዳንዳቸው የሚኖሩበትንም የሚያከራዩትንም ማግኘት ይችላሉ ማለት ነው። እርግጥ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ያለ ባንክ ብድርና ያለ በቂ ጊዜ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሌላም አለ፤ መብቱ የባለይዞታው እንጂ የግል ተከራዩ አይደለም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ እየሠሩ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው የሚከራዩ ልጆች ቅድሚያ መብት ውስጥ የሉም። ለእነሱ የሚጠቅማቸው በእግር የሚደረስ ብዙ ቤት መኖሩ ነው፤ ቤት ሲበዛ ኪራይ የመቀነስ ዕድል አለው፣ በ35 ቤት ግን መቼም አይቀንስም።

"ፎቅ ለእኛ ኑሮ አይሆንም። በግ የት ይታረዳል? ድንኳን የት ይተከላል?"

ጥያቄው ትክክል ነው። የወሎ ሰው ሰርጉንም ለቅሶውንም ብቻውን አያደርግም፤ በኢድም በፋሲካም የጎረቤት ቤት የራሱ ቤት ነው። ግን መፍትሔው ታውቋል። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለእርድና ለምግብ ዝግጅት የጋራ መጠቀሚያ ቤት አብሮ የሚሠራው ለዚህ ነው። ችግር የሚመጣው ያ ቤት ለሌላ ነገር ሲውል ነው። ስለዚህ ፎቁን ከመቃወም የጋራ ቤቱና ለድንኳን የሚበቃው ሜዳ ፕላኑ ላይ ይስፈር ብሎ መያዝ ይሻላል።

"መኪና ማቆሚያ ይጠባል"

አብዛኞቻችን መኪና የለንም። የሚያስፈልገን የእግረኛ መንገድና የባጃጅ መቆሚያ ነው።

"ይሄ የኮምቦልቻ ጉዳይ ነው፣ ደሴ ምን አገባት?"

በጣም ያገባታል እንጂ! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል ተጣብቃ፣ ሰው ዳገት እየቧጠጠ ቤት የሚሠራባት፣ በክረምት መሬት የሚንሸራተትባት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ብላ ከታች አለች፣ በመሃል 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ጣቢያው አጠገብ በቂ ቤት ከተሠራ የደሴ ወጣት ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ከመቀለስ ሌላ አማራጭ ያገኛል። ስለዚህ በሐረጎ የሚመላለሰው አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዶ ሳይሆን ጣቢያው በር ላይ እንዲቆም የሁለቱም ከተሞች ምክር ቤቶች አብረው ማሰብ አለባቸው።

በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው ዋና ፕላን፣ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ እኔ ሦስት ጥያቄ ይዤ እሄዳለሁ፣ እናንተም ያዙልኝ። ከጣቢያው በር እስከ 500 ሜትር ድረስ ዝቅተኛው የፎቅ ቁጥር ስንት ነው? የጋራ ቤቱና ሜዳው የት ነው? ነባሩ ባለይዞታ ተደራጅቶ እንዲገነባ የሚሰጠው ጊዜ ስንት ወር ነው?