ለማን ነበር የጾምኩት?

ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ በኅብረታችን ውስጥ እኔን የሚያህል ጿሚ አልነበረም። በሳምንት ሦስት ቀን እጾማለሁ። የጋራ ጾም ሲታወጅ ደግሞ ሌላው ከጨረሰ በኋላ እኔ እቀጥላለሁ። «ይሄ ልጅ ጸሎተኛ ነው» ይሉኝ ነበር። ሲሉኝ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ትሕትና ይመስል ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። በጾሙ ዋዜማ ማታ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ጠዋትም እወጣለሁ። ቁጥሩ ከቀነሰ ጌታ ሰምቶኛል ማለት ነው። ካልቀነሰ አንድ ቀን እጨምራለሁ። የጸሎት ርእሴን ሲጠይቁኝ «ለአገልግሎቴ ነው» እላለሁ። ርእሱ ቦርጬ ነበር።

ማንም አላወቀብኝም። እንዲያውም ስከሳ «እንዴት አምሮብሃል!» አሉኝ። ሙገሳው እጥፍ ሆነ፤ አንዱ ለመንፈሳዊነቴ፣ አንዱ ለወገቤ። ከዚህ የሚጣፍጥ ወጥመድ አላውቅም።

ያነቃኝ ትንቢተ ዘካርያስ ነው። ምዕራፍ 7 ላይ ሰዎች ሊጠይቁ ይመጣሉ። ለዓመታት በአምስተኛው ወር ሲያለቅሱና ሲጾሙ ኖረዋል። እንቀጥል ወይስ ይብቃን? ጥያቄያቸው ይኸው ነው። እግዚአብሔር ግን ስለ ወሩ አልመለሰላቸውም። እሱም በተራው ጠየቃቸው። በእነዚህ ሰባ ዓመታት ስትጾሙ፣ በእውነት ለእኔ ነበር የጾማችሁት? ስትበሉና ስትጠጡስ ለራሳችሁ አልነበረም?

ይህን ያነበብኩት ጾም ላይ ሆኜ ነው። ጠዋት ሚዛን ላይ ወጥቼ ነበር። ቁጥሩን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ያን ቀን የጸለይኩትን ግን አላስታውስም።

ጾም አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ጾም ትልቅ ነገር ነው። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ ገላችንን መጥላታችንን መንፈሳዊ ልብስ ማልበሳችን። አንዱ «ራሴን እየገዛሁ ነው» ይላል፣ ሌላዋ «ሥጋዬን እየጎሰምኩ ነው» ትላለች። ውስጡን ስታዩት መስታወት ፊት የተጀመረ ጠብ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፣ የገዛ ሥጋውን የሚጠላ ሰው የለም፣ ይልቁንም ይመግበዋል፣ ይንከባከበዋል ይላል። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ ማንም የሚያውቀው ነገር አድርጎ ነው። የእኛ ዘመን ልጆችን ቢያይ ምን ይል ነበር?

እዚህ ላይ ስለ ዳንኤል አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን «የዳንኤል ጾም» ብለን የምንይዘው ለመክሳት ነው። ጽሑፉን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። አሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ የወሰዱት ልጆች «ፊታቸው አምሮ ሥጋቸውም ወፍሮ» ታየ ነው የሚለው። ወፍሮ! መጀመሪያ ሳስተውለው ብቻዬን ሳቅኩ።

አሁን ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያለ አንድ ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለጥናት ገቡ። ዘመኑ የዓለም ጦርነት ነው። እነዚህ ወጣቶች ሕሊናችን አይፈቅድም ብለው መሣሪያ ለማንሳት እምቢ ያሉ ነበሩ። ብዙዎቹ ሰላምን ከሚያስተምሩ አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ናቸው። የጥናቱ ዓላማ በጦርነቱ የተራቡ ሰዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። መሪው አንሴል ኪስ የሚባል ሳይንቲስት ነው።

ለስድስት ወር ያህል በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ እየተሰጣቸው ብዙ እንዲራመዱ ተደረገ። ልብ በሉ፣ ዛሬ ይህን ያህል ካሎሪ «መጠነኛ ዳይት» የሚል ሰው አይጠፋም። ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። ግን ከኪሎው ይልቅ የገረመኝ ሌላው ነው። ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። ሳህን ይልሱ ነበር። ይበርዳቸዋል፤ የልብ ምታቸው ቀነሰ። ነጭናጮች ሆኑ፣ ከሰው ሸሹ፣ ብዙዎቹ በኀዘን ተዋጡ።

እነዚህ ለእምነታቸው ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ናቸው። የሚቀልዱ ሰዎች አልነበሩም። ቢሆንም ገላቸው ሲራብ ሐሳባቸው ሳህን ላይ ተጣበቀ። ይህን ሳነብ አንድ ትልቅ ሸክም ከትከሻዬ ወረደ። በእነዚያ ወራት መጽሐፍ ቅዱስ ገልጬ ምንም አይገባኝም ነበር። ስጸልይ የማስበው ነገ የምበላውን ነው። «መንፈሴ ደርቋል» ብዬ ስንት ቀን አልቅሻለሁ! ለካ መንፈሴ ብቻውን አልነበረም የደረቀው።

ኤልያስን አስታውሱ። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ይላል፤ ከዚያም ይተኛል። እኛ ብንሆን ስለ እምነት ማነስ እንሰብከው ነበር። መልአኩ ግን ዳሰሰውና ተነሥተህ ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ መጥቶም ያንኑ ነገረው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ። እንግዲህ ኤልያስ ወደ ኮሬብ የአርባ ቀን መንገድ የተጓዘው በልቶና ተኝቶ ነው። ጌታ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ፤ ሚዛን ላይ የምትወጡ ሁሉ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ኪሎን፣ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ቁጥር አካፍሎ የሚወጣው ልኬት አለ፣ ቢኤምአይ የሚሉት። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 65 ኪሎ የሆነ ሰው 22.5 ያገኛል። ለአዋቂ ከ18.5 እስከ 25 ያለው ጤናማ ይባላል። ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያመጣው አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጅየማዊ ነው። ሐኪም አልነበረም፤ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው ነው። የሚፈልገውም የ«አማካይ ሰው» ልክ ነበር። ዛሬ የምንጠራበትን ስም እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣለት ግን ያው አንሴል ኪስ ነው፣ እነዚያን 36 ወጣቶች ያስራበው።

ልኬቱ ይጠቅማል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት በምክንያት ነው። ግን ጡንቻን ከስብ አይለይም። ስቡ ሆድ ላይ ይሁን ጭን ላይ አይናገርም። ሚዛኑም ቢሆን በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ጨው፣ ውኃ፣ ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ ይለውጠዋል። እኔ «ጌታ ሰምቶኛል» ያልኩበት ቅናሽ ውኃ ነበር፣ ምን ታደርጉታላችሁ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ውበቱን ሚዛን ላይ ያወጣ ሰው ብፈልግ ያገኘሁት አንድ ነው፣ አቤሴሎም። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጸጉሩ ነቀፋ የለበትም ይለዋል። በየዓመቱ ጸጉሩን ሲላጭ ይመዝነው ነበር፣ ሁለት መቶ ሰቅል። ስለ ጌታችን ግን ኢሳይያስ የሚለው «መልክና ውበት የለውም» ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ብዙ ቀን አሰብኩ። ወጣት ሳለሁ ማንን ለመምሰል ነበር የምሮጠው?

ይህን ስል «እንግዲያው እንዳሻን እንሁን» የሚል ይኖራል። አይሆንም። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው፤ በዋጋ ተገዝተናል። ቤተ መቅደስን ማንም በመዶሻ አይመታም፤ ጣሪያው ሲያፈስም ዝም ብሎ አያይም። ክብደት ከልክ ሲያልፍ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ይህን መደበቅ ፍቅር አይደለም። ደስ የሚለው፣ ብዙ መቀነስ ግድ አይደለም። ከክብደት ላይ ከመቶ አምስት እስከ አሥር ያህሉ ብቻ ቢቀንስ እንኳ የደም ግፊትና ስኳር ይሻሻላሉ። በሳምንት ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ፣ ከዚያ አይፍጠን። በችኮላ የወረደ ኪሎ ገላን ያስደነግጠዋል፤ ረሃቡን ያባብሳል፣ ኃይል ይቆጥባል፣ ከዚያም ኪሎው ተመልሶ ይመጣል።

ደግሞም ወፍራም ሁሉ ሆዳም አይደለም። ዘር አለ፣ መድኃኒት አለ፣ የሆርሞን ችግር አለ፣ ጭንቀት አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ። ቀጭን ሁሉም ራሱን የገዛ አይደለም። የሌላውን ሳህን አይተን ስለ ነፍሱ የምንፈርድ ሰዎች፣ ሰው ፊትን ያያል፣ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል የሚለው ቃል ለእኛም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ አሰልቺ ነገር ነው የምነግራችሁ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ማለትም በአምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ እንቅስቃሴ። በየሌሊቱ ለሰባት ሰዓት ያህል እንቅልፍ፤ እንቅልፍ ሲያንስ የረሃብ ሆርሞን ከፍ ይላል፣ ማታ ማታ ጣፋጭ የሚያሰኛችሁ በከንቱ አይደለም። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፤ ስኳር ያለበትን መጠጥ መቀነስ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት ይጠቅማል» ይለዋል። ለጥቂትም ቢሆን ይጠቅማል አለ እኮ። እኔ ስራመድ እጸልያለሁ። ከተንበረከክሁበት ጊዜ ይልቅ ሐሳቤ ያኔ ነው የሚሰበሰበው፤ ቢያንስ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በተለይ በሃያዎቹ ውስጥ ላላችሁ። አጥንት ጥንካሬውን አጠራቅሞ የሚጨርሰው በሃያዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። በእነዚህ ዓመታት ራሳችሁን ካስራባችሁ፣ ዕዳው የሚጠየቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ሱሪያችሁ ካልገባላችሁ አትደንግጡ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አይደላችሁማ። ወንዶችም ብትሆኑ ያው ነው። የእኛ ጣጣ ብዙ ጊዜ ጡንቻ ላይ ነው፤ ጂም ውስጥ ለሰዓታት እየዋልን «ለጤናዬ ነው» እንላለን።

ይህን ደግሞ ሳልሸሽ ልናገር። የበላችሁትን ሆን ብላችሁ የምታስመልሱ ከሆነ፣ ተደብቃችሁ ማቆም እስኪያቅታችሁ የምትበሉ ከሆነ፣ ለመክሳት ብላችሁ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ የወር አበባ ከቀረ፣ ራስን መሳት ከመጣ፣ ይህ በሽታ ነው። አኖሬክሲያ የሚባለው፣ ውፍረትን በመፍራት ራስን የማስራብ ሕመም፣ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው። ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ጸሎታችሁን አታቋርጡ፣ ቀጠሯችሁንም አታቋርጡ። እኛ ሽማግሌዎችና መሪዎች ደግሞ፣ አንድ ወጣት ከልክ በላይ ሲጾም ከማድነቃችን በፊት እንጠይቅ። ስኳር ሕመም ኖሮባት መድኃኒት የምትወስድን፣ ነፍሰ ጡርን፣ ከእንዲህ ያለ የአመጋገብ ሕመም እያገገመ ያለን ሰው «በእምነት ጹም» ማለት ድፍረት ነው።

እኔን የጠየቀኝ አንድ ታላቅ ወንድም ነበር። ከሁሉም ሙገሳ መሐል እሱ ብቻ «ደኅና ነህ? ፊትህ ልክ አይደለም» አለኝ። ተቆጣሁ። በሳምንቱ ሄጄ ሁሉን ነገርኩት። ጥቅስ አልጠቀሰልኝም። ሐኪም ቤት አብሮኝ ሄደ፣ ውጭ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ባለፈው የጋራ ጾም ሲታወጅ ለዚሁ ወንድም «እኔ ከምግብ አልጾምም፣ ምክንያቴን ታውቃለህ» አልኩት። «እሺ፣ ከምን ትጾማለህ?» አለኝ። «ከስልኬ።» ሳቀ። የኔን ገላ ከሌላው ገላ ሳወዳድር የምውለው እዚያ ላይ እንደሆነ ያውቃል። ከምግብ ይከብዳል፣ ቀልድ አይምሰላችሁ። በሁለተኛው ቀን እጄ በራሱ ኪሴ ውስጥ ይገባ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አመስግኜ በላሁ። ስንት ካሎሪ እንደሆነ አለመቁጠሬ ትዝ ያለኝ ሳህኑን ሳጥብ ነው።