«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»፦ ትርጉሙ፣ መነሻው እና የአውሬ መንገድ ጉዳይ

አደጋው ደጅ ሲደርስ ዝም ብሎ፣ ካለፈ በኋላ የሚያቅራራ ሰው ይገሠጽበታል። ጊዜው ካመለጠ በኋላ ለሚሮጥም ይባላል፤ ጎርፍ ማሳውን ጠርጎ ከሄደ ወዲያ እርከን ለሚሠራ ገበሬ ለምሳሌ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ደግሞ መልሱ ነው።

መነሻው የሁለቱን እንስሳት ጠባይ ማየት ነው። ጅብ ውሻ ይበላል። ስለዚህ ውሻ ጅቡ ቅርብ ሲሆን ጅራቱን ወሽቆ ይሸጎጣል፤ ጠረኑ ሲርቅለት ሰፈሩን በጩኸት ያናውጣል። በጉ ግን በዚያው ተወስዷል።

በሐረር ጅብ ራሱ መንገድ አለው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው የጁገል ግንብ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሥሩ ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል» የሚሏቸው ቀዳዳዎች አሉት። ጅብ በሌሊት በእነርሱ ገብቶ አጥንትና ትራፊ ጠርጎ ይወጣል። ጦር ለመመከት የቆመ ግንብ የአውሬ መተላለፊያ ይዞ መኖሩ ለዛሬም ትልቅ ትምህርት ነው፤ የወታደር ይዞታና የዱር እንስሳ ጠላት መሆን የለባቸውምና።

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የፎርት ብራግ የጦር ሠፈር ይህን በችግር ተምሯል። በወቅቱ ለመጥፋት ተቃርባ የነበረች አንዲት የግንደ ቆርቁር ዝርያ ጎጆዋን የምትፈለፍለው በሕይወት ባሉ አሮጌ የፓይን ዛፎች ላይ ነው። የተኩስ ልምምድ የሚያስነሳው እሳት ቁጥቋጦውን እያጸዳ ለዚያ ደን ይስማማዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ደን ግን ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ። ወፏ ሠፈሩ ውስጥ ስትጠጋ በጎጆዎቿ ዙሪያ ሥልጠና ተገደበ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሠራዊቱ ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ጋር ተስማምቶ ከአጥሩ ውጭ ያለውን መሬት ማስጠበቅ ጀመረ፤ በ2002 ደግሞ አሠራሩ ለመላው አገር ሕግ ወጣለት። ከባለመሬቱ የሚገዛው ብዙ ጊዜ የግንባታ መብቱ ብቻ ነው፤ ሰውየው እያረሰ ወይም ደኑን እየጠበቀ ይቆያል።

በእኛ አገር መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ የአውሬ መንገድን ለማስጠበቅ ወሳኙ ሰዓት የይዞታ ደብተር ከመሰጠቱና ካርታ ከመነሣቱ በፊት ያለው ነው። ሰው ቤት ከሠራ በኋላ ማስነሣት ካሳና ጠብ ያመጣል፣ ዝሆኑም አይጠብቅም። ለዝሆን ሲባል እ.ኤ.አ. በ1970 በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተከለለው የባቢሌ መጠለያ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ይሁን እንጂ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል የሚመላለሱት ዝሆኖች በየጊዜው ከአዲስ ማሳና ሠፈራ ጋር ይጋጫሉ።

መንገዱን ለማስጠበቅ መጀመሪያ በእግር ማወቅ ያስፈልጋል። ፋንድያ፣ ዱካ፣ የተላጠ ቅርፊትና የተበላ ቁልቋል በበጋም በዝናብም ይመዘገባል፤ በአንድ ወቅት ብቻ የተሠራ ካርታ ግማሹን መንገድ ይስታል። ከዚያ መጥበቢያው ይፈለጋል። የቀረው ሁሉ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሰፋ እንኳ የወንዝ መሻገሪያው በአንድ የማሽላ ማሳ ከተዘጋ መተላለፊያ የለም። አንድ ዝሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ስለሚችል የወንዙ ዳር ከሁሉ በፊት ይከበር። በመንገዱ ጠርዝ በቆሎና ማሽላ ይጠሩታል፤ ዝሆን የማይወደው ቃሪያ ይሻላል።

እንደ ሁርሶ ያለ የወታደር ማሰልጠኛ አዲስ ሲከለልም ወሰኑ ከመሠመሩ በፊት የአውሬ መንገድ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ተኩሱ እንስሳቱ ከሚያልፉበት ሌሊትና ወቅት ይራቅ። ከልምምድ በኋላ ሽቦ ይነሣ፣ ያልፈነዳ ጥይት ይለቀም፣ ምሽጉም በዚያው ሳምንት ይደፈን፤ ግልገል ዝሆን ከገባበት ጉድጓድ ብቻውን ላይወጣ ይችላል፣ እናቱም ትታው ስለማትሄድ ሊረዱ የሚቀርቡ ወታደሮችን ታጠቃለች።