«ዝም አይነቅዝም» ቤት ሽያጭ ላይ አይሠራም

ካዛንቺስ ቢሮ ይዤ ቤት ስሸጥና ሳከራይ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከእጄ ያመለጡ ደንበኞችን መለስ ብዬ ሳስብ ቤቱ ሳይማርካቸው ወይም ዋጋው በዝቶባቸው የቀሩት ያን ያህል ብዙ አይደሉም። የሚበዙት ጠይቀውኝ ሳልመልስላቸው የቆየሁ፣ ወይም እኔ አንድ ነገር ተናግሬ እነሱ ሌላ የተረዱ ናቸው። አዲስ የሽያጭ ሠራተኛ ሲቀጠር ከነባሩ የሚወርሳቸው አባባሎች አሉ። እኔም ወርሼ ሠርቼባቸዋለሁ፤ ሰው ጎድቼባቸዋለሁም። ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«መልስ ከሌለህ ስልክ አታንሳ፤ ዝም አይነቅዝም»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አሳንሰሩም፣ አልሙኒየሙም፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃውም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ከገዢዎቹ ጋር የተፈራረምነው ውል ላይ ደግሞ «የዋጋ ማስተካከያ» የሚል፣ ዋጋ ለመጨመር በር የሚከፍት አንቀጽ ነበር። ያኔ በምሠራበት ድርጅት ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ አላርፍ አለ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይጨመርብናል ወይ?» እኛ የተነገረን ማኔጅመንቱ እስኪወስን ምንም እንዳንል ነው። ምንም አትበሉ የተባለው ቀስ በቀስ ስልክ አለማንሳት ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ከወንድ ልጃቸው ጋር ቢሮ መጡ። ቅድመ ክፍያውን የከፈሉት ቤይሩት የምትሠራ ልጃቸው በዓመታት ከላከችላቸው ገንዘብ ነው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ ጠፍታችሁ የሄዳችሁ መስሎኝ ነው። በሩ ክፍት መሆኑን ለማየት ነው የመጣሁት» አሉኝ። ስለ ጭማሪው አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኛ ዝም ባልንባቸው ሦስት ሳምንታት ቤቱን በልባቸው አጥተውት፣ ለልጃቸው ምን ብለው እንደሚነግሯት ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመዋል። ያ ዝምታ የእኔም ነበር። ስልካቸው ሲጠራ ስማቸውን እያየሁ አላነሳሁም።

«ዝም አይነቅዝም» ለነገረኛ ጎረቤት ጥሩ ምክር ነው። የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ለሚል ግን አገራችን ሌላ ስም አላት፤ አደራ በላ ትለዋለች።

ከዚያ ወዲህ ውሳኔ በሌለበት ጊዜ ሦስት ነገር እናገራለሁ፦ የማውቀውን፣ የማላውቀውን፣ የምመለስበትን ቀን። እንዲህ ዓይነት መልእክት ነው፦ «እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስለ ዋጋው እስካሁን የተወሰነ ነገር የለም። ግንባታው 6ኛ ወለል ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ገና አልገባም። አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ አዲስ ነገር ቢኖርም ባይኖርም፣ እደውልልዎታለሁ።» አርብ ሲደርስ ታዲያ መደወል ነው። የሚከብደውም ይኸኛው ስልክ ነው። የምትናገረው አዲስ ነገር ስለሌለህ እጅህ አልታዘዝ ይልሃል። እሱን ከደወልክ ግን ደንበኛው እስከሚቀጥለው አርብ እንቅልፍ ይወስደዋል።

«ጎበዝ ሻጭ ሳይውል ሳያድር ይመልሳል»

ስልክ ቶሎ ማንሳት አንድ ነገር ነው፤ ያላጣሩትን ቶሎ መናገር ሌላ። ደንበኛው «ካርታው ንጹህ ነው?» ሲል «ንጹህ ነው» ማለት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ንጹህ ማለት ግን ባንክ በዋስትና አልያዘውም፣ ፍርድ ቤት አላገደውም ማለት ነው። ይህ የሚታወቀው ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት መዝገብ ነው እንጂ ከባለቤቱ አፍ አይደለም። ስለዚህ ወዲያው መመለስ የምችለው «ባለቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ ነው ብለውኛል፤ እኔ ግን መዝገቡን አላየሁም። አጣርቼ ሐሙስ እነግርዎታለሁ» የሚለውን ነው። ይኸም ፈጣን መልስ ነው።

«እሺ ካለ ተስማምቷል»

አማርኛችን ውስጥ ስንት ዓይነት እሺ አለ! ሰማሁ የሚል እሺ አለ። ገባኝ የሚል አለ። ደክመህ አስጎብኝተኸኛልና ላላስቀይምህ የሚል አለ። ቤት ሄጄ ልማከር የሚልም አለ። አንድ ጋሼ ስድስት ቤት አሳይቻቸው ስድስቱንም «እሺ፣ ጥሩ ነው» ብለውኛል። አንዱንም አልፈለጉትም ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ የሌለው ቤት እንደሚሹ የሰማሁት ከልጃቸው ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው ከገዙ በኋላ። እሳቸው በይሉኝታ ዝም አሉ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ትልቅ ሰውን «የነገርኩዎትን እስቲ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር ነው፤ ተማሪ ማድረግ ይመስላል። እኔ የማደርገው ራሴ መድገም ነው፦ «እንዳልሳሳት እኔ ልበለው፣ እርስዎ ያርሙኝ።» እንዲህ ሲባል ይሉኝታ የያዘው ሰው እንኳ ያርማል፤ መቃወም ሳይሆን መርዳት ሆኖ ስለሚታየው። ሌላው ጥያቄዬ «ከማን ጋር ይመካከራሉ?» የሚል ነው። ውሳኔው የባለቤታቸው ወይም ውጭ ያለችው እህታቸው ከሆነ ለእነሱም የሚሆን መልስ አዘጋጅቼ መላክ አለብኝ።

«120 ካሬ ያው 120 ካሬ ነው፤ ምን ይብራራል?»

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በሪል ስቴት ሽያጭ የሚጠራው ካሬ ብዙ ጊዜ ጠቅላላው ነው። ከኮሪደሩ፣ ከደረጃው፣ ከአሳንሰሩና ከሌላው የጋራ መጠቀሚያ የሚደርሰው ድርሻ ተደምሮበታል። ገዢው ግን 120 ካሬ ሲባል ምንጣፍ የሚያነጥፍበትን፣ ሶፋ የሚያስቀምጥበትን ወለል ነው የሚያስበው። የጋራው ድርሻ 20 በመቶ ቢሆን በር ዘግቶ የሚኖርበት 96 ካሬ ነው። በካሬ 100 ሺህ ብር ብናሰላው በሁለቱ አሳብ መካከል ያለው 24 ካሬ 2.4 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ሰውየው ይህን የሚያውቀው በርክክብ ዕለት ሜትር ይዞ ሲለካ ከሆነ፣ ውሉ ላይ ተጽፎ የነበረ ቢሆን እንኳ ተታለልኩ ነው የሚለው። እኔ አልፈርድበትም። በጉብኝቱ ቀን ማንም አልነገረውማ።

ሁለቱን ቁጥሮች፣ ጠቅላላውንና የተጣራውን፣ ጎን ለጎን አድርጎ ገና በመጀመሪያው ቀን መንገር ነው። አንዳንዱ ደንበኛ የተጣራውን ሰምቶ ይሄዳል። ይሂድ። የማይበቃውን ቤት ገዝቶ ዕድሜ ልኩን ከሚያዝንብን በሰላም ቢሄድ ይሻላል።

«ሰሚ ፊኒሽድ»፣ በከፊል የተጠናቀቀ ቤት፣ የሚለውም እንዲሁ ነው። አንዱ ድርጅት ጋ የውስጥ በር አለው፤ ሌላው ጋ የለውም። አንዱ ግድግዳውን ለስኖ ይሰጣል፤ ሌላው ብሎኬቱን እንደያዘ ያስረክባል። ቃሉን ትቶ ያለውንና የሌለውን መዘርዘር ነው፦ ሴራሚክ፣ የኩሽና ካቢኔት፣ የመታጠቢያ ገንዳ፣ የመብራት ቆጣሪ።

«ዋጋ በውስጥ መስመር»

ቴሌግራም ላይ ፎቶው ይለጠፍና ዋጋ ለጠየቀው ሁሉ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይባላል። ሰው እንዲደውል ያደርጋል ተብሎ ነው። መደወሉን ይደውላል፤ ግን ግማሹ አቅሙ የማይፈቅድለት ነው። የእሱም የእኛም ቀን በከንቱ ያልፋል። በዚያ ላይ ዋጋው እንደ ጠያቂው የሚለዋወጥ ይመስለዋል። ቢያንስ መነሻ ዋጋውን መጻፍ ይገባል።

«ሐበሻ ከሐበሻ በቀን አቆጣጠር አይጣላም»

ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች ቤት የምንሸጥ ሰዎች ይህን አባባል መተው አለብን። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያላቸው ወገኖቻችን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት እዚህ ቤት የማፍራት መብት አላቸው። ስለዚህ ደንበኛችን ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ለአንዱ «ርክክቡ በ6ኛው ወር ነው» ብዬ ጻፍኩለት። እኔ የካቲትን ማለቴ ነው፤ ለእሱ 6ኛው ወር ጁን ነው። የአራት ወር ልዩነት! የእረፍት ፈቃዱንም ትኬቱንም በጁን አስተካክሎ ነበር። ርክክቡን በውክልና ጨረስነው እንጂ ቤቱ ሲከፈት ራሱ ሊያይ የጓጓው ሰው አላየም።

ሰዓቱም ያው ነው። «ነገ 3 ሰዓት እደውላለሁ» ስንል እዚህ ጠዋት ነው። እዚያ ያለው ሰው 3 ሰዓትን በፈረንጅ ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ሊጠብቅ ይችላል። እንደ እኛ ቢቆጥረውም የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በበጋቸው ዋሽንግተን ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። የወሩን ስም በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በእነሱ ከተማ አቆጣጠር መጻፍ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ስለ አድራሻም አንድ ነገር ልጨምር። አሥር ዓመት ሙሉ ያልመጣ ሰው ሰፈሩን የሚያውቀው በጥንቱ ምልክት ነው። ፒያሳን ሲያስብ ዶሮ ማነቂያን ያስባል፤ ዶሮ ማነቂያ ግን በ2016 ፈርሷል። ካዛንቺስም በኮሪደር ልማቱ መልኩ ተለውጧል። «ድሮ እንዲህ የነበረው ቦታ» ብሎ በቃል ከማስረዳት የካርታ ነጥብ ልኮ፣ ከዋናው መንገድ እስከ በሩ በቪዲዮ እየሄዱ ማሳየት ይሻላል። ቪዲዮውን የሚያዩት ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነው፤ «ይሄ እኮ የእነ እገሌ ቤት የነበረበት ነው!» ሲሉ በስልክ ይሰማኛል። ደስ ይለኛል።

«ተማምነናል፤ ቃላችን ይበቃል»

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። «ውልና ማስረጃ እንሂድ» የምንለው ለዚህ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ይህን ለደንበኛ መንገር እሱን አለማመን አይደለም፤ ቀብድ ከመቀበል በፊት መነገርም አለበት።

ከውሉ በፊት ያለው ንግግርም ቢሆን ይጻፍ። ከጉብኝት ስመለስ በዚያው ቀን አምስት መስመር እልካለሁ፦ ያየነው ቤት፣ የተባለው ዋጋ፣ ስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል፣ የእኔ ኮሚሽን ስንት እንደሆነና ከማን እንደምቀበል፣ ቀጣዩ እርምጃ። ኮሚሽንን መጻፍ ብዙዎቻችን እናፍራለን። ከሁለቱም ወገን የምቀበል ከሆነ ግን ሁለቱም ማወቅ አለባቸው።

«ተከራይ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ቁልፍ ስጠው»

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። አሁንም «የስድስት ወር ቅድሚያ» የሚል ደላላ አለ። ሕጉን ለአከራዩም ለተከራዩም በአንድ ላይ፣ በተቀመጡበት መንገር የእኛ ሥራ ነው። ለየብቻ ሲነገር አንደኛው ወገን ሌላው ያሳደመበት ይመስለዋል።

«ቁልፍ ከተረከቡ ሥራችን አለቀ»

ቁልፍ የተረከበ ሰው በየወሩ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ካርታዬ መቼ ይወጣል?» ቀኑን እኔ አልወስነውም። ፋይሉ የት እንደደረሰና ምን እንደቀረው ግን ሄጄ ማየት እችላለሁ። አሁን ካርታ የሚጠብቁ አሥራ አንድ ደንበኞች አሉኝ። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ለሁሉም እጽፋለሁ፤ ለአንዳንዶቹ መልእክቱ ካለፈው ወር ጋር አንድ ነው። «ካለፈው ወር የተለወጠ የለም፤ ፊርማ እየጠበቀ ነው» ብዬ ነው የምልከው። እነዚያ እናት ከአሥራ አንዱ አንዷ ናቸው፤ ማንበብ ስለሚከብዳቸው ለእሳቸው እደውላለሁ።