ስለ «ቲቸር ጎግል» የሚወራውና እውነታው

ከደጀን እስከ ዳንግላ የትኛውም ትምህርት ቤት ብትገቡ አንድ እንዲህ ያለ መምህር አይጠፋም። ቁልፉ ላይ ፍላሽ አንጠልጥሏል። ላፕቶፑን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ፕሪንተር ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው፤ ሚኒ ሚዲያው ሲንጫጫም እሱ። የትምህርት ክፍሉን የቴሌግራም ቻናል የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ነው (ወይም እሷ)። ተማሪዎች «ቲቸር ጎግል» ይሉታል። በመምህራን ክበብ ሻይ ላይ ስለ እሱ የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም። አንዳንዱን እንየው።

«ቴክኖሎጂ መምህሩን ሊተካ ነው፤ እነሱ ደግሞ እያገዙት ነው»

ፕላዝማን ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይለቀቅ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ የሚተርፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ማን እንደመለሰ፣ ማን እንዳልገባው የሚያውቀው ነገር የለም። አብዛኛውን ትምህርት በአማርኛ ሲማር የመጣ የቢቸና ልጅ ገና ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱ ይነገረዋል። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱም ሄደ። ወደኋላ መመለስ የለም።

በደፈናው ከንቱ ነበር ማለትም ተገቢ አይደለም። ላብራቶሪ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ ያየው በፕላዝማ ነው። ችግሩ የስክሪኑ ማቆሚያ ቁልፍ መምህሩ እጅ ላይ አለመሆኑ ነበር።

የዛሬዎቹ ቴክኖሎጂ ወዳዶች የሚፈልጉት ደግሞ ይህንኑ ማቆሚያ ነው። ፌት የሚባሉትን በኮምፒውተር የሚሠሩ የሳይንስ ማሳያዎች ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመራቸው ካርል ዊማን ነው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ ሰው። ነፃ ናቸው፤ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። መምህሩ በስክሪኑ ላይ ባትሪ፣ ሽቦና ሁለት አምፖል ያገናኛል። ከዚያ እጁን ከማውሱ ላይ ያነሳል። «አንዱን አምፖል ብነቅለው ሌላው ይበራል?» ይላል። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ይከራከራሉ፤ አንዷ ተነስታ «ቲቸር፣ በተከታታይ ከሆነ አይበራም፣ ጎን ለጎን ከሆነ ግን ይበራል» ትላለች። ክሊክ የሚያደርገው ከዚህ በኋላ ነው። ትምህርቱ ከክሊኩ በፊት ያለው ጭቅጭቅ ነው። ያን ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ደግሞ መምህሩ እንጂ ላፕቶፑ አይደለም።

«ኢንተርኔት ከሌለ ምን ዋጋ አለው?»

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ሰው ነገሩ አበቃለት ብሎ ነበር። ጎጃም ውስጥ ፋይል ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው ግን ድሮም በኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ዜንደር አለ፣ ሼርኢት አለ፣ ሜሞሪ ካርድ አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የታተመው መጽሐፍ አልዳረስ ሲል፣ የመጽሐፉ ፒዲኤፍ ከስልክ ወደ ስልክ የዞረው እንዲሁ ነው። አንዱ ባሕር ዳር ወርዶ ያወርዳል፤ መርጦ ለማርያም ያለው ከእሱ ይቀበላል።

ያለ ኔት እንዲሠሩ ተብለው የተዘጋጁም አሉ። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን እንዳለ ጭኖ ያስነብባል። (የአማርኛው ዊኪፒዲያ ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ብቻ ስላለው ብዙ አትጠብቁ።) ኮሊብሪ የተባለው የትምህርት ፕሮግራም አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ተማሪዎቹ በዋይፋይ ራውተር በኩል ቪዲዮውንና መልመጃውን ይከፍታሉ፣ አንድ ሜጋባይት ሳይበላ። የሒሳብ ፕሮግራሙ ጂኦጂብራም ስልክ ላይ ከተጫነ በኋላ ግራፍ ለመሣል ኔት አይጠይቅም። ከኔት ይልቅ የሚያስቸግረው መብራት ነው። ለዚያ መፍትሔ አለን የሚል ካለ እስኪ ይምጣ።

«ዕቃው ይምጣ እንጂ ውጤቱ ራሱ ይመጣል»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ዕቃ የሚያስረክቡ ሰዎች ናቸው። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ክፍሉ ይቆለፋል። ቁልፉ ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ።

ሌላው ዓለምም ሞክሮታል። ፔሩ ለገጠር ተማሪዎቿ ላፕቶፕ አደለች። ተመራማሪዎች 319 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አወዳድረው፣ ከ15 ወር ገደማ በኋላ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኙም። ኦኢሲዲ የተባለው የሀብታም አገሮች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሪፖርት ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ብዙ ያወጡ አገሮች በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ይህ ነው የሚባል መሻሻል እንዳላሳዩ ይናገራል። እውነተኛው የቴክኖሎጂ ወዳጅ ይህን ሲሰማ አይደነግጥም። «ለዚህ ነው ሥልጠናውን ከዕቃው በፊት ስጡን የምንለው» ይላችኋል።

«ቴክኖሎጂ የአይሲቲ መምህሩ ሥራ ነው»

አይደለም። አንድ ማይክሮስኮፕ ብቻ ያላት የባዮሎጂ መምህር የስልኳን ካሜራ መመልከቻው ላይ አስጠግታ የሽንኩርት ሴል ፎቶ ብታነሳ፣ ያንን ፎቶ ለክፍሉ ማሳየት የባዮሎጂ ሥራ ነው። ሴሉን የሚያስረዳ የአይሲቲ መምህር ከየት ይመጣል?

«ልጆቹ ከእኛ በላይ ያውቁታል»

ቲክቶክ ላይ፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተለያዩ አገሮች በስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተደረገው የኮምፒውተር ችሎታ ፈተና ከፍተኛውን ደረጃ የደረሱት 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ስልክ ላይ መፍጠንና አንድ መረጃ እውነት መሆኑን ማጣራት ለየቅል ናቸው። የእኛ ልጆች ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑት የ12ኛ ክፍልን ፈተና በኦንላይን እየወሰዱ ነው። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ማውስ የሚነካበት የመጀመሪያው ቀን የፈተናው ቀን እንዳይሆን መጨነቅ ያለበት ትልቁ ሰው ነው።

«ስልክ ይግባ ባዮች ናቸው»

የማውቃቸው አብዛኞቹ ስልክ በክፍል ውስጥ እንዲሁ ሲነካካ ማየት አይወዱም። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ሪፖርቱ በስልክ የተዘናጋ ተማሪ ሐሳቡን ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል ጽፏል። ያ ማለት የክፍለ ጊዜው ግማሽ ነው። የተለመደው መላ ለአምስት ተማሪ አንድ ስልክ፣ ለአሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ ነው። ይህ መላ ስልክ የሌለውንም ልጅ አያሳፍረውም።

«ጠመኔንና የቃል ትምህርትን ንቀዋል»

የዋሸራን፣ የጎንጅንና የዲማን ቅኔ ቤት በደጁ ያደረገ የጎጃም መምህር የቃል ትምህርትን እንዴት ይንቃል? እዚያ የኔታ ቅኔ ዘርፎ (ፈጥሮ)፣ ተማሪው ሰምቶ፣ በራሱ ቆጥሮ (ቅኔ አስቦ)፣ ለየኔታ ነግሮ፣ ታርሞ ነው የሚማረው። ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ዘዴም ተማሪ መጀመሪያ ለብቻው ይመልስ፣ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከር፣ እንደገና ይመልስ የሚል ነው። እሱ ጋ በኤሌክትሮኒክ መመለሻ ይሠራል፤ ደምበጫ ላይ በጣት ቁጥር ይሠራል። ለ«ሀ» አንድ ጣት፣ ለ«ለ» ሁለት።

«ትርፍ ጊዜ ስላላቸው ነው»

እኔን በጣም የሚያበሳጨኝ ይሄኛው ነው። እንደማንኛውም መምህር ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይይዛሉ፤ ዴክስቶፑን የሚጠግኑት ከዚያ በኋላ ነው። ፓኬጅ የሚገዙት ከደሞዛቸው ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚቀንስላቸው ዳይሬክተር ብርቅ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የክረምት ሥልጠና ሲመጣ ዕድሉ የሚደርሰው ሁልጊዜ ለእነሱ አይደለም፤ አበል ካለው ደግሞ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ከዚያ አንድ ቀን «ቲቸር ጎግል» ዝውውሩ ይፈቀድለትና ይሄዳል። ቻናሉ ዝም ይላል፤ የኮሊብሪው የይለፍ ቃል አብሮት ይሄዳል። ርዕሰ መምህር የሆናችሁ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ፦ ቻናሉ ላይ ሁለተኛ አድሚን ይጨመር፣ የይለፍ ቃሎቹ ተጽፈው በጽሕፈት ቤት ይቀመጡ፣ ከየትምህርት ክፍሉም አንድ ሰው ከአጠገቡ ቁጭ ብሎ ይልመድ። እሱንም ሁለት ክፍለ ጊዜ ቀንሱለት።